የአንዲት አዳር ዋጋ

ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስታዘነብል፣ እግሩ የዛለ መንገደኛ ከማያውቀው ቀዬ ደርሶ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሲጣራ፣ የቤቱ ጌታ ወይም እመቤቲቱ ብቅ ብለው ማንነቱን ከመጠየቃቸው አስቀድመው «ቤት ለእንግዳ!» ሲሉት፣ በሁለቱ መካከል ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከተጻፈው ይልቅ የጸና አንድ ውል ይታሰር ነበር። በዚህ ውል ውስጥ የእግር ውሃ አለ፤ እራት አለ፤ ለበቅሎው ገለባ፣ ለባለ በቅሎው መደብና ቁርበት አለ፤ የማይገኝበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ዋጋ ነው። መንገደኛው ስሙንና አገሩን የሚናገረው ኋላ፣ እሳት ዳር ከተቀመጠ በኋላ ሲሆን፣ በደጅ ቆሞ ስለ ራሱ የሚያስታውቀው «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» በማለት ብቻ ነበር። ይህች «የመሸበት» የምትባል ቃል ቀላል ቃል አይደለችም። ሰውየው ከዚህ ሌላ የሚሄድበት እንደሌለው፣ ጅብና ሽፍታ ከበስተኋላው እንዳሉ፣ ስለዚህም ባለቤቱ የፈለገውን ቢጠይቀው እንኳ እምቢ ለማለት አቅም እንደሌለው የምትመሰክር ናትና፣ የቀደሙት ሰዎች ለማደሪያ ዋጋ ከመጥራት የተቆጠቡበትን ምክንያት ከቸርነታቸው ብቻ ሳይሆን ከዚህችም ቃል መፈለግ ይገባል። መሽቶበት የመጣ ሰው ገበያተኛ አይደለም፤ ገበያተኛ ካልሆነ ሰው ጋር ዋጋ መነጋገር ደግሞ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር፣ ቤቱን ወይም ከቤቱ አንዱን ክፍል ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ለመንገደኛ የሚያከራይ ሰው፣ የአዳሩን ዋጋ ስንት ቢያደርገው ከሕሊናውም ከኪሱም እንደሚታረቅ ሲያወጣና ሲያወርድ ያመሻል። ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለም። ታሪኩን ወደ ኋላ እየተከተልን ብንሄድ፣ ከዚያ ከአጥሩ ደጅ እንደርሳለን።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚህ ነገር ላይ ሁለት ድምፅ ያሰማል። አንዱ የአብርሃም ድምፅ ነው። በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን ሮጦ የተቀበለው ያ ጻድቅ አባት፣ በሥዕልም በስብከትም ዘወትር ስለሚታይ፣ እንግዳ መቀበልን ቅድስት ሥላሴን እንደ መቀበል አድርጎ ሕዝቡ ይዞታል። ሁለተኛውን ድምፅ ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረው ደጉ ሳምራዊ፣ በወንበዴዎች የቆሰለውን ሰው የወሰደው ወደ ዘመድ ቤት ሳይሆን በገንዘብ ወደሚታደርበት ቤት ነው፤ በማግሥቱም ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣውን ሲመለስ ሊከፍለው ቃል ገብቶለት ሄደ። ሊቃውንቱ በትርጓሜ ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ፣ ማደሪያውን ቤተ ክርስቲያን፣ ባለ ማደሪያውን መምህር ያደርጉታል፤ ምሥጢሩ እንደዚያ ነው። ነገር ግን ምሥጢሩን ለሊቃውንቱ ትተን ንባቡን ብቻ ብንመለከት፣ በወይኑ አትክልት ምሳሌ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ሆኖ ተነግሯልና፣ ሳምራዊው የሁለት ቀን ድካም ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ፣ ቀሪውን ሒሳብ በባለ ማደሪያው ታማኝነት ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። ባለ ማደሪያው የፈለገውን ጨምሮ ቢያስከፍለው ማን ያውቅበታል? ወንጌሉ ይህን አይነግረንም፤ ሳምራዊው አመነ፣ ታሪኩም እዚያ ላይ ቆመ።

ሆኖም የድሮውን እንግዳ ተቀባይነት ስናወድስ ልንዘነጋው የማይገባ አንድ መራራ ነገር አለ። ዋጋ የማይጠራበት አዳር ሁሉ ዋጋ የማይከፈልበት አዳር አልነበረም። በንጉሥ ትእዛዝ የሚጓዝ መልእክተኛ፣ መኰንን ወይም የውጭ አገር ሰው በደረሰበት ሁሉ ድርጎ ይቆረጥለት ነበር፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ ማሩ፣ በጉ በቀጥታ ከባላገሩ ጎተራና በረት ይወጣል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በኋላም በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ሁለቱም የየመንገዳቸውን መስተንግዶ ጽፈው ትተውልናል፤ የአልቫሬዝን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው፣ ጓዛቸውን ከመንደር ወደ መንደር እየተቀባበለ የተሸከመው፣ ሲመሽም ቀለባቸውን ያቀረበው የየአገሩ ሕዝብ እንደ ነበረ ይረዳል። እንግዳው በነጻ አደረ፤ ይሁን እንጂ በሌሊቱ የከሰረ ሰው ነበረ።

ከዚህም የከፋው የወታደሩ ነገር ነው። ሠራዊት በአንድ አገር ሲሰፍር፣ ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እየተመራ ተሰሪ ሆኖ ይገባል፤ ያደረበትን ቤት እህል ይበላል፣ ጠላውን ይጠጣል፣ ባለቤቱን ያዝዛል፤ መቼ እንደሚወጣም የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ክፉ ቀን የተባለው ያ ታላቅ ረኀብ አገሩን ካራቆተ በኋላ፣ በ1885 ዓ.ም. ገደማ አሥራት እንዲከፈልና ወታደሩ ከአሥራቱ እየተሰፈረለት በባላገር ቤት መመራቱ እንዲቀር ማዘዛቸው፣ ከግብር ሥርዓት ታሪክ ጋር ብቻ ሲነሣ ኖሯል፤ እኔ ግን በማደሪያ ታሪክም ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ። የአንድ እንግዳ አዳር ምን ያህል እንደሚያወጣ በስፍርና በቁና ተቆጥሮ በመንግሥት ደረጃ የታወቀበት፣ ባላገሩም «አሥረኛውን ውሰዱና ቤቴን ልቀቁልኝ» ለማለት የቻለበት ጊዜ ነውና። አዋጁ በየስፍራው እንደ ቃሉ ተፈጽሟል ማለቴ አይደለም።

የአበው አነጋገርም በዚህ ረገድ የዋህ አይደለም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ጨርቅ ነው ይላሉ። ለሌሊቱ ዋጋ መቁረጥን ነውር ያደረጉ ሰዎች፣ ለእንግዳው ለራሱ ግን ዋጋ ቆርጠውለታል፤ ያውም በየቀኑ የሚወርድ ዋጋ።

ነጋዴው ከዚህ ሁሉ የተለየ ፍጥረት ነበር። የሲራራ ነጋዴ በአህያና በበቅሎ ጨው፣ ቡና፣ ሰምና ዝባድ ጭኖ ወራት የሚፈጅ ጎዳና ሲጓዝ፣ ቁጥሩም ብዙ፣ ጓዙም ብዙ፣ ጠላቱም ብዙ ስለሆነ በየሰው ቤት አይበተንም፤ በሜዳ ላይ ሰፍሮ፣ ጭነቱን ክብ አድርጎ ከምሮ፣ እሳት አንድዶ በተራ እየጠበቀ ያድራል። በሶውና ዳቦ ቆሎው በስልቻው ነው። ከመንደሩ የሚፈልገው ሣር፣ እንጨትና ጠላ ብቻ ሲሆን፣ እነዚህን በአሞሌ ጨው፣ በመርፌ ወይም በበርበሬ ይለውጣቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር እናገኛለን፤ በአገራችን መንገድ ላይ ከማደሪያ ጋር የተያያዘ ዋጋ መጀመሪያ የተጠራው ለጣሪያው ሳይሆን ለሣሩ፣ ለመኝታው ሳይሆን ለጠላው ነበር። የሚበላና የሚጠጣ ያልቃል፤ ያለቀውን መተካት ደግሞ ድካም ነው፤ ስለዚህ ይሸጣል። ጣሪያ ግን ሰው ቢያድርበትም ባያድርበትም ያው ጣሪያ ነው፤ ታዲያ ምኑ ይሸጣል?

ወደ ባሕሩ ዳር ሲወረድ ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ ነው። በበርበራና በዘይላ ጠረፍ የሚደርስ እንግዳ ነጋዴ አባን ሳይዝ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። አባን ማለት አሳዳሪም፣ ጠባቂም፣ አስተርጓሚም፣ ደላላም በአንድ ሰው ሆነው ማለት ነው። በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ የወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለዚህ ሥርዓት በሰፊው ጽፏል። አባን ለአዳሩ ዋጋ አይጠይቅም፤ እንግዳው ከሚገዛውና ከሚሸጠው ሁሉ ድርሻውን ያነሣል እንጂ። ዛሬ በየከተማው ቤት ፈላጊና ቤት አከራይን አገናኝቶ ከሁለቱም ወገን የሚቀበለውን ደላላ፣ በስልክ መስኮትም ይህንኑ ሥራ የሚሠራውን ድርጅት ስመለከት ያ የጠረፍ አባን ትዝ ይለኛል፤ ልዩነቱ አባን እንግዳው ቢሞት ደሙን የሚጠይቅለት መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ ከየአገሩ ለፍርድ፣ ለደጅ ጥናትና ለንግድ የሚመጣው ሰው ሲበዛ፣ «ቤቶች!» ብሎ ተጣርቶ መግባት እየከበደ ሄደ። ደጅ ጠኚው የሚያድረው በአገሩ ልጅ ቤት፣ ካጣም በጌታው ግቢ ጥግ ነበር፤ ሁለቱንም ያጣ ደግሞ ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። የጠጅ ቤትን ውለታ የከተማችን ታሪክ ጸሐፊዎች በሚገባ አልመሰከሩለትም። ብርሌውን ከፍሎ የጠጣ ሰው፣ ሌሊቱ ከገፋ ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ቢጋደም የሚያነሣው የለም፤ የመኝታው ዋጋ በብርሌው ውስጥ ተደብቋልና። ባለ ጠጅ ቤቷም ጣሪያ ሸጠች አትባልም፤ ጠጅ ሸጠች ነው የምትባለው።

እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ በከተማው እምብርት ያስከፈቱት ሆቴል እንግዲህ የመጣው ከዚህ ዓይነት ዓለም ላይ ነው። ምግብና መኝታ በተቆረጠ ዋጋ የሚሸጥበት ቤት መሆኑ ሲሰማ፣ መኳንንቱና ሕዝቡ እንጀራን በገንዘብ መግዛትም ሆነ መሸጥ እንደ ውርደት ስለቆጠሩት ወደ ቤቱ የሚጠጋ ጠፋ፤ ምኒልክም መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከማዕዱ ሲነሡ ሒሳቡን በእጃቸው ከፍለው ሥርዓቱን አስተማሩ እየተባለ እስከ ዛሬ በአፍ ይነገራል። ታሪኩ ተነግሮ ተነግሮ የተወለወለ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም የሚተረከው ለማሳቅ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የዋጋው ልክ የማይነሣበት መሆኑ ነው። ሰዎቹ ያፈሩት ዋጋው ውድ ነው ብለው ሳይሆን ዋጋ የሚባል ነገር በመኖሩ ነበር። በዚያው ዘመን በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀምሯል፤ ገንዘብ በየጥጉ እየገባ ነው፤ ማሪያ ትሬዛ የተባለችው ጠገራ ብርም ከገበያው አልወጣችም። ኀፍረቱ ግን ከገንዘቡ ጋር እኩል አልተራመደም። ይህ ሆቴል፣ በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ክፉኛ ተቃጥሎ እንኳ፣ የእቴጌይቱን ስም ይዞ ቀርቷል።

የአዳርን ዋጋ ከኀፍረት ያላቀቀው ግን ንጉሥም ሆቴልም አይደለም፤ ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት በሌሊት ስለማይሄድ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንዱን ሌሊት አዋሽ ያድራል። ለመጀመሪያ ጊዜ መምሸት ድንገተኛ ነገር መሆኑ ቀረ። ስንት ሰው በየትኛው ቀን በየትኛው ጣቢያ እንደሚመሽበት ባለ ሆቴሉ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህም አንሶላውን ያነጥፋል፣ ዶሮውን ያርዳል፣ ዋጋውንም ይቆርጣል። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ የነበረው ቡፌ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከበረሃው መካከል ከእርሱ ሌላ የሚታደርበት ቤት አልነበረም። ሌላ ቤት በሌለበት ስፍራ የሚቆረጥ ዋጋ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላልን? ባለ ሆቴሉ ውሃውም፣ በረዶውም፣ ሥጋውም ከሩቅ በባቡር እንደሚመጣለት ተናግሮ ይከራከራል፤ እውነቱን ነው። መንገደኛውም ወደ ውጭ ወጥቶ ጨለማውን ተመልክቶ ይከፍላል፤ እርሱም እውነቱን ነው።

በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን ዋና ከተማይቱ ይህንኑ በሰፊው አየችው። ከየመንግሥታቱ የተላኩት ልዑካን በየተዘጋጀላቸው ማረፊያ ሲያርፉ፣ ጋዜጠኛውና ተመልካቹ ለጥቂት ሆቴሎች ተሻማ። ከመጡት መካከል አንዱ የነበረው እንግሊዛዊ ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ዋዜማ ደግሞ ለጋዜጣ ሊጽፍ ተመልሶ መጥቷል፤ በሁለቱም ጊዜ በከተማዋና በሆቴሎቿ ላይ ምላሱን አልቆጠበም። ምላሱ መርዛም ስለነበረ ሁሉን እንደ ወረደ መቀበል አይገባም፤ ይሁን እንጂ ለሳምንታት ብቻ የሚቆይ የእንግዳ ጎርፍ በአንዲት ትንሽ ከተማ የመኝታ ዋጋ ላይ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የእርሱ ምስክርነት አያስፈልገንም፤ የራሳችንን ዘመን ማየት ይበቃል።

ጣልያኖች በአምስቱ ዓመት መንገድ ሲጠርጉ በየከተማው ሆቴል ሠርተዋል፤ ከሕንጻው ይልቅ ግን በአፋችን ላይ የቀሩት ቃሎቻቸው ይበልጣሉ። አልቤርጎ ብለን ማደሪያ ቤትን፣ ፔንሲዮን ብለን ደግሞ ሆቴል የማይሉትን ከአልጋ ቤትም ከፍ ያለውን ጠራንበት። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ልኳንዳ ነው። በጣልያንኛ ሎካንዳ ማለት በኪራይ የሚታደርበት ትንሽ ቤት ሲሆን፣ የቃሉም ሥር ማከራየት ነው፤ ወደኛ ሲመጣ ግን መኝታው ከቃሉ ወድቆ ሥጋው ብቻ ቀረና፣ ዛሬ ልኳንዳ ስንል የተንጠለጠለ የበሬ ታፋ እንጂ የተነጠፈ አልጋ አይታየንም። ሕዝቡ ቃሉን ተቀብሎ ከሁለቱ ትርጉም የመረጠው የሚበላውን ነው። ጣሪያ አይሸጥም፣ ሥጋ ግን ይሸጣል የሚለው የጥንቱ ሕሊና ቃሉን የተረጎመው ይመስለኛል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ሌላ ምክንያት ቢያመጡ ግን አልሟገትም።

ከነጻነት በኋላ አዳር የሕግ ስምም አገኘ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለመንገደኛ የአንድ ወይም የብዙ ሌሊት ማደሪያ የሚሰጥን ባለ ሆቴል ውል ከቤት ኪራይ ለይቶ የራሱ ክፍል ሰጠው፤ ባለ ሆቴሉም እንግዳው ይዞት ለገባው ዕቃ ኀላፊ እንዲሆን ደነገገ። የድሮው ባላገር ሳይጻፍ የሚያውቀውን ሕጉ ጻፈለት ማለት ነው፤ እንግዳው የሚከፍለው ለፍራሹ ብቻ ሳይሆን ሲነጋ ዕቃውን ይዞ ለመነሣቱም ጭምር ነው።

ስለ አልጋ ቤት ሳስብ ግን ከሕጉ ይልቅ የደሴ ብርድ ይመጣብኛል። በ1970ዎቹ ውስጥ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከአባቴ ጋር ወደ መቀሌ ስንሄድ፣ አውቶቡሱ የመጀመሪያውን ቀን መሽቶ ደሴ ገባ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ከመናኸሪያው ደጅ «አልጋ! አልጋ!» የሚሉ ልጆች ከበቡን፤ አንዱን ተከትለን ከኋላ በር ገባን። ግቢው ረዥምና ጠባብ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ በጭቃ የተመረጉ ክፍሎች ተደርድረው፣ በየበሩ ላይ ቁጥር በኖራ ተጽፏል። ኩራዝ የያዙ ሴት ወጡ።

«እትዬ፣ እንደምን አመሹ። አልጋ ይኖራል?» አሏቸው አባቴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለ ጌታዬ። ባለ ሁለት ብርም አለ፣ ባለ ሦስት ብርም አለ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ባለ ሁለቱ ከበረቱ ይዋሰናል። ሌሊቱን ሙሉ በቅሎ ስትራገጥ ነው የምታድረው። ልጅም ይዘዋል።»

አባቴ ሦስት ብር ከፈሉ። ክፍሉ አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ በገለባ የተሞላ ፍራሽ፣ አንድ የውሃ ጣሳ ነበረው፤ ብርድ ልብሱ ሌላ ሰው ሌላ ሰው ይሸታል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ሰዓት እላፊው ሲቃረብ፣ ከአሰብ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ደጁን ሲመታ ነቃን፤ ግድግዳው ስስ ነውና ንግግራቸው ሁሉ ይሰማል። የቀረው ከኛ አጠገብ ያለው፣ እንደኛው ሦስት ብር የተባለው ክፍል ነበር። ሹፌሩ አንድ ከሃምሳ አለ፤ ሴትዮዋ ሁለት ሃምሳ አሉ፤ በሁለት ብር ተስማሙ። ሹፌሩ ከአሁን በኋላ ወደ ሌላ ቤት ቢሄድ ጥበቃ ይይዘዋል፤ ሴትዮዋም ይህን ሰው ቢለቁት ሌላ የሚመጣ የለም፣ ያ አልጋ ባዶውን ሊነጋበት ነው። ሁለቱም መሽቶባቸው ነበር። አባቴ በጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ሁሉን ሰሙ።

ሲነጋ እጃቸውን እየታጠቡ «እትዬ፣ የኛ ሦስት፣ የሰውየው ሁለት እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ጣሳውን ሳያስቀምጡ «እናንተ መርጣችሁ ተኛችሁ። እሱ የተረፈው ላይ ነው የተኛው» አሉ። አባቴ እስከ ወልዲያ ድረስ ሲያጉረመርሙ ሄዱ። እኔ ግን ዛሬ ትላልቅ ሆቴሎች በሒሳብ መሣሪያ የሚያሰሉትን፣ ሌሊት እንደ ወተት የሚበላሽ ሸቀጥ መሆኑንና ያልተሸጠች ሌሊት ነገ እንደማትሸጥ፣ ከእኚያ ሴት ንግግር ይልቅ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው አላገኘሁም። የአባቴም ቅሬታ ቢሆን ከንቱ አልነበረም፤ ለአንድ ዓይነት ፍራሽ ሁለት ዓይነት ዋጋ ሲሰማ የማይቆጣ ሰው ጥቂት ነው።

በዚያ ጊዜ አልጋ ቤት ራሱ በሕይወት መኖሩ የሚያስገርም ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራይ ከግለሰብ እጅ ወጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ፤ የወሩን ዋጋ መንግሥት ሲቆርጥ የሌሊቱን ዋጋ ግን በየመናኸሪያው ባለ ኩራዟ ሴት መቁረጧን አላቋረጠችም። ትላልቆቹ ሆቴሎች ተወርሰው፣ ኋላም የውጭ አገር ሰው በውጭ ምንዛሪ፣ ያገሬው ሰው በብር እየከፈለ በአንድ ኮሪደር ጎን ለጎን የሚተኛበት ዘመን መጣ። ለባዕድ ሁለት እጥፍ መጠየቅ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር ሲሆን፣ የሚደግፉት ሰዎች ባዕዱ ቀረጥ ከፍሎ መንገዱን አልሠራም ይላሉ። የድሮው ድርጎ ተገልብጦ መጣ ለማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ባላገሩ ለባዕዱ ይከፍል ነበር፤ አሁን ባዕዱ ለባላገሩ ይክፈል ነው ነገሩ።

ስለ ፍትሐዊ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ለገና ላሊበላ መሄድ አለበት። በልደት ዋዜማ ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ምእመን ሲደርስ፣ የላስታ ሰዎች ጎንበስ ብለው እግሩን ያጥቡታል፤ እንጀራና ጠላ ያቀርቡለታል፤ ከየቤታቸውም፣ ከየዛፉም ሥር ያሳድሩታል። በዚያችው ሌሊት፣ በዚያችው ኮረብታ ላይ፣ በአውሮፕላን የመጣው እንግዳ ለአንድ አልጋ በሌላው ወር ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ይህን አይቶ ከተማዋን ሁለት ልብ ናት የሚላት ሰው አጋጥሞኛል፤ እኔ አልስማማም። ባለ ሆቴሉ ክረምቱን ሙሉ ባዶ ክፍል ሲጠርግ ከርሟል፤ ጦርነትና በሽታ በመጡባቸው ዓመታት ደግሞ በጋውንም ጭምር። የገና ሦስት ሌሊት ለእርሱ መኸር ነው፤ መኸሩን በመሰብሰቡ ገበሬ አይወቀስም። የምወቅሰው፣ እንግዳ ከወራት በፊት በአንድ ዋጋ ተስማምቶ የያዘውን ክፍል፣ በዋዜማው ሲደርስ «ዋጋው ጨምሯል» ብሎ ደጅ ላይ የሚያስቆመውን ነው። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ በሌላ ከተማ፣ በጥምቀት። ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ የጠየቁኝን ሁሉ ከፈልኩ። ያስቆጣኝ ብሩ አልነበረም፤ ተስማምቼ የመጣሁ እንግዳ ሆኜ ሳለሁ የመሸበት ሰው ስላደረጉኝ ነው።

ዛሬ የአዳር ዋጋ የሚቆርጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል የለውም። በቦሌ ወይም በሲኤምሲ አንድ አፓርታማ አለው፤ ወይም ባለቤቱ ዋሽንግተን ተቀምጦ እኅቱ ቁልፉን ትይዝለታለች። ከ2000 ዓ.ም. የሚሌኒየም በዓል ወዲህ ለጥቂት ሳምንት የሚመጣው የውጭ አገር ኗሪ ወገናችን እየበዛ ሲሄድ፣ ሆቴል የማይፈልግ፣ ዘመድ ቤት ገብቶም ዘመዱን ማስቸገር የማይወድ እንግዳ ተፈጠረ። ዋጋው በዶላር ይነገራል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ፣ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር አካባቢ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ አከራዩ ምንም ሳያደርግ የአዳሩ ዋጋ በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ከአገር ውስጥ የሚመጣው እንግዳ፣ ከሐዋሳ ለሕክምና፣ ከደብረ ማርቆስ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጣው፣ የሚጠየቀው በዚሁ ዋጋ ነበር።

ከማውቃቸው ሰዎች አንዲት ሴት በዚህ ሥራ ላይ ናት። በአዲስ አበባ ካላት ቤት ሁለት ክፍል በየሌሊቱ ታከራያለች። ሒሳቧን በደብተር ትይዛለች፤ የአንሶላ ማጠቢያው፣ ውሃ ሲጠፋ የሚመጣው የቦቴ ውሃ፣ መብራት ሲሄድ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የደላላው ድርሻ፣ ባዶ የሚያድሩት ሌሊቶች፣ ሁሉም በየመስመሩ አለ። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የበዓሉን ሰሞን ዋጋ ስንት ብታደርገው እንደሚሻል ስታሰላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እናቷ ከመንዝ ሊጠይቋት መጥተው፣ ከወዲያ በኩል ጥጥ ይፈትላሉ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ እንዝርቱን አቆሙ።

«ለአዳር ነው የምትቀበዪ?»

«አዎ፣ እማዬ። ለአዳር።»

«ለጣሪያው?»

«ለጣሪያውም፣ ለአንሶላውም፣ ለውሃውም።»

እናቲቱ ጥቂት አሰቡ። «ለቡናውስ ስንት ትያቸዋለሽ?»

«ቡናማ ነጻ ነው፣ እማዬ። ጠዋት ጠዋት እኔው ነኝ የማፈላላቸው።»

«እሱን እንኳ ደግ አደረግሽ» አሉና፣ እንዝርቱን በእንቅቡ ላይ አስቀምጠው፣ ለሚመጣው እንግዳ የሚቆላውን ቡና ሊለቅሙ ሰፌዱን ፍለጋ ተነሡ።